ዋየርሻርክ ከራሴ ላፕቶፕ ሌላ የማንንም ትራፊክ አያሳየኝም

የገላኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን አካባቢ በሚገኝ የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ኮምፒውተር ነክ የሆነው ሁሉ የእኔ ዕዳ ነው፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ እንኳ የምጠራው እኔ ነኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ኢንተርኔቱ መንፏቀቅ ይጀምራል፤ ለምሳ ስንወጣ ይስተካከላል። ሥራ አስኪያጁ «የሒሳብ ክፍል ልጆች ፊልም እያወረዱ ነው» ብለው ደምድመዋል። ልጆቹም ያሳበቅሁባቸው መስሏቸው ሰላምታ ነፍገውኛል። ላፕቶፔን የፋብሪካውን መሣሪያዎች በገመድ በሚያገናኘው ባለ 24 ፖርት (መሰኪያ) ስዊች ላይ ሰክቼ፣ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ትራፊክ (መረጃ) በሚያሳየው ዋየርሻርክ በተባለው ፕሮግራም ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባፈጥም፣ ያየሁት «ይህ አይፒ የማን ነው?» የሚሉ የአርፕ ጥያቄዎችን ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

ገመድ ሳቢ፦
ምንም አላጠፋህም። ስዊች እንደ ድሮው ሀብ የሰማውን ለሁሉም አያወራም፤ የየመሣሪያውን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) በየፖርቱ መዝግቦ ፍሬሙን (የመረጃ ጥቅሉን) ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። አንተ ጋ የሚመጣው ለሁሉም የሚላከው ብሮድካስት ነው። ስዊቹ ማኔጅድ (ቅንብሩን መቀየር የሚቻል) ከሆነ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ፖርት ምንጭ፣ ላፕቶፕህ የተሰካበትን መዳረሻ አድርገህ ሚረር አድርግ፤ የምንጩ ትራፊክ ግልባጭ ወደ መዳረሻው ይመጣልሃል። ሲስኮ ላይ ስፓን ይባላል።

የገላኑ፦
ሲስኮ ነው። ምንጭ 24፣ መዳረሻ 23 አደረግሁ። ወዲያው የላፕቶፔ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ፋብሪካውን ያቆምኩ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። አሁን ትራፊክ ይታያል፣ ግን መስመር የሚያጨናንቅ አይደለም።

ወለተ ኔትወርክ፦
አይዞህ፣ መዳረሻ ፖርት ግልባጭ መቀበያ ብቻ ስለሚሆን ነው፤ ለራስህ ዋይፋይ ተጠቀም። ግን ትእዛዙ ላይ «አርኤክስ» ብለህ ይሆን? በፖርት 24 ላይ አርኤክስ ማለት ከራውተሩ ወደ እናንተ የሚገባው ብቻ ነው። የሚወጣውስ? ሁለቱንም አቅጣጫ ምረጥ። ከዚያ ዋየርሻርክ ላይ ከስታቲስቲክስ ሥር ኮንቨርሴሽንስን (ማን ከማን ጋር እንደተላላከ የሚያሳየውን ዝርዝር) ከፍተህ በባይት ብዛት ደርድር። ይዘቱ የተመሰጠረ ቢሆንም ማን ምን ያህል እንደላከ አይደበቅም።

የገላኑ፦
እውነትም አርኤክስ ብቻ ነበር። አስተካከልኩት፤ ሴቭ ሳላደርገው መብራት ሄዶ ሁሉንም ይዞት ጠፋ። ዛሬ እንደገና ሠራሁት። 4 ሰዓት ከ5 ላይ አንድ አድራሻ ከሁሉም በላይ ወጣ፤ የሚያወርድ ሳይሆን የሚልክ! ማኩን ከስዊቹ ሰንጠረዥ ፈልጌ ፖርት 7 ላይ አገኘሁት። ገመዱን ይዤ ስከተል የጥበቃ ቤት ደረስኩ፤ አቧራ የለበሰው የካሜራ መቅረጫ ነው። ለካ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት መርካቶ ካለው ሱቃቸው ሆነው 16ቱንም ካሜራ በሙሉ ጥራት በስልካቸው ያያሉ! ለስልክ የሚላከውን ምስል ጥራት ዝቅ አደረግሁት፤ ኢንተርኔቱ ነፍስ ዘራ። አሁን የቸገረኝ ለእሳቸው እንዴት እንደምነግር ነው።

ገመድ ሳቢ፦
አንተ ምን አስጨነቀህ? የኮንቨርሴሽንሱን ገጽ አትመህ ለሒሳብ ክፍል ስጥ።