በሰሜን ታይላንድ የካሬን መንደር ዝሆኖችን ለማየት፦ በማኅበረሰቡ የሚተዳደረውን ቦታ በምን እንለየው?

ቤዛ_ከአዲስ

ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከአዲስ አበባ በባንኮክ በኩል ወደ ቺያንግ ማይ እንሄዳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ8 እና የ13 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም የ66 ዓመት እናቴ ነን። በተራራው የሚኖሩት የካሬን ብሔረሰብ ሰዎች መንደር ሁለት ሌሊት አድረን ዝሆኖቻቸውን ማየት እንፈልጋለን። ኢንተርኔት ላይ ግን ሁሉም ራሱን «መጠለያ» ብሎ ይጠራል፣ ሁሉም ቱሪስት ከዝሆን ጋር ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፏል። በእርግጥ መንደሩ ራሱ የሚያስተዳድረው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? መታጠቡስ ለዝሆኑ ጉዳት አለው? እናቴ ጿሚ ናት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ከመነሳታችን በፊት ማሟላት ያለብን ነገር ካለም ብትነግሩን።

የጫካ_መንገድ

ሰላም እህቴ። ስሙን ተዪው፣ ዋስትና አይሆንሽም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እነዚህ ዝሆኖች እንደ ባቢሌዎቹ የዱር አለመሆናቸው ነው። ባለቤት አላቸው። ታይላንድ ውስጥ ለማዳ ዝሆን በ1939 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በወጣው የጋማና የጭነት ከብት ሕግ እንደ በሬና እንደ ጎሽ ይመዘገባል፣ ባለቤቱም ወረቀት ይይዛል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት በመልእክት የምትጠይቂው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝሆኖቹ የማን ናቸው?» የሚል ይሁን።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ከተማው አጠገብ ባሉ ብዙ ካምፖች ውስጥ ዝሆኑ ተራራ ላይ የሚኖር የአንድ ካሬን ቤተሰብ ንብረት ነው። ካምፑ በወር ኪራይ ይወስደዋል፣ ጠባቂውም ካሬን ነው። ጎብኚው በሽመና የተሠራውን ቀይ ሸሚዝ አይቶ «የማኅበረሰቡ ነው» ይላል፣ ትርፉ ግን የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ነገሩ ሥር አለው። በ1988 መጨረሻ ደቡብ ታይላንድን ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ካወደመ በኋላ መንግሥት በ1989 የደን እንጨት ቆረጣን ከለከለ። ግንድ ይጎትቱ የነበሩ ዝሆኖችና ጠባቂዎቻቸው በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ፣ ቱሪዝሙም ተቀበላቸው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ካምፖች ሲዘጉ ደግሞ ብዙ ዝሆኖች ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው እንደ ሜ ቼም ወዳሉ ወረዳዎች፣ ወደ ባለቤቶቻቸው መንደር ተመለሱ። እዚያው መንደራቸው ሆነው እንዲተዳደሩ የሚያደርግ ገቢ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እውነተኛው የማኅበረሰብ መጠለያ የሚደገፍበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥሩ መልስ የተወሰነ መልስ ነው። «አንዷ የእገሌ ቤተሰብ ናት፣ ልጇም አብሯት አለ፣ ሦስተኛው የአጎቱ ነው» ካሉሽ ጥሩ። «የድርጅታችን ናቸው፣ ከሥቃይ ያተረፍናቸው ናቸው» ብቻ ካሉ ከማን፣ መቼ፣ እንዴት ብለሽ ጠይቂ። አንድ ዝሆን ከሚሊዮን ባት በላይ ያወጣል፤ «አተረፍን» የሚባለው አንዳንዴ ተራ ግዢ ነው፣ ሻጩም በገንዘቡ ሌላ ይገዛበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሌሊት የት ያድራሉ?» ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኛ ጋ ሰንሰለት የሚባል የለም» የሚል መልስ ደስ ያሰኛል፣ ነገር ግን ዙሪያው የሩዝና የበቆሎ ማሳ በሆነ መንደር ውስጥ ያልታሰረ ዝሆን የጎረቤትን የዓመት ጉሮሮ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ከዚያ ካሳ፣ ጠብ፣ ሲብስም ዝሆኑ ይሸጣል። በቆሎው ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ ዝሆኑም ይመረዛል። ስለዚህ ደህና ጠባቂ ሌሊት ጫካ ውስጥ በረጅም ሰንሰለት፣ ሃያና ሠላሳ ሜትር በሆነ፣ በአንድ እግሩ ያስረዋል፣ ጥላና ግጦሽ ያለበትን ይመርጣል፣ ቦታውንም በየቀኑ ይቀይራል። መጥፎው በሲሚንቶ ላይ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ማቆም ነው። ጠዋት ስትደርሺ የእግሩን ቆዳ እዪ፤ ትኩስ ቁስል ወይም ፀጉር አልባ ጠባሳ ቀለበት ካለ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ታስሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የዝሆኑ ባለቤት፣ ጠባቂው፣ የምታድሩበት ቤትና የመንደሩ ካዝና እያንዳንዳቸው ስንት ያገኛሉ? እንግዳ የሚያሳድሩት ቤቶች በተራ ናቸው ወይስ ሁልጊዜ አንድ ቤት? በተራ የሚሠራ መንደር መዝገብ ይይዛል፣ ለመናገርም አያፍርም።

ሐኪም_ዘእንስሳት

የመታጠቡን ጥያቄ እኔ ልመልስ፦ አትታጠቡ። ዝሆን ሲፈልግ ወንዝ ይገባል፣ ሲወጣ አፈርና ጭቃ ቆዳው ላይ ይበትናል፤ ያ አፈር ከፀሐይና ከዝንብ መከላከያው ነው። በቀን ሁለቴና ሦስቴ በጎብኚ ሰዓት ሲታጠብ መከላከያው ይነሳል። ከዚህ የሚብሰው ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን እንስሳ የማያውቃቸው ሰዎች ሆዱ ሥር ሲርመሰመሱ ዝም ብሎ እንዲቆም ማስገደድ ማስፈለጉ ነው። ይህ ደግሞ ቁጥጥር ይጠይቃል፦ በሹል መንጠቆ፣ ወይም መዳፍ ውስጥ በተደበቀ ምስማር። ለሰውም አደገኛ ነው። በጥር 2025 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በደቡብ ታይላንድ አንዲት ስፔናዊት ተማሪ ዝሆን እያጠበች ሳለ በዝሆኑ ተመትታ ሞታለች። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ሰው ጭራሽ አይቅረብ፤ ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ዝሆን፣ ከዝሆንም ወደ ሰው ይተላለፋል።

መመገብን በተመለከተ፣ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ የሚደርስ መኖ ይበላል። ዋናው ሣር፣ ቀርከሃ፣ የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ነው። ሙዝና ሸንኮራ አገዳ ጣፋጭ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ይሰጠው። ቅርጫት ሙሉ ሙዝ ሸጠው ጎብኚው በእጁ እንዲያጎርስ የሚያደርጉ ቦታዎች ዝሆኑን ኪስ ፈታሽ ያደርጉታል፣ የሰው መገፍተር የሚጀምረውም ከዚያ ነው። የተሻለው መኖውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ወይም ዛፍ መሐል በትኖ፣ ርቆ ማየት ነው። ቢያንስ አሥር ሜትር፣ ግልገል ካለ የበለጠ።

ጫካ ውስጥ ስትሆኑ ዓይናችሁ ጆሮና ጅራት ላይ ይሁን። ጆሮው ቀስ እያለ ከተርገበገበ፣ ጅራቱ ከተወዛወዘ፣ አፉም እያኘከ ከሆነ ተረጋግቷል። ድንገት ማኘክ አቁሞ ከደረቀ፣ ጆሮውን ወደ ጎን ዘርግቶ ከያዘ፣ ጅራቱም ቀጥ ካለ ወይም ኩምቢውን ወደ ውስጥ ከጠቀለለ፣ ፎቶ ማንሳት ይብቃ። ሳትጮሁ፣ ጀርባ ሳትሰጡ፣ ወደ ጠባቂው ጀርባ ሂዱ። በእናትና በግልገል መሐል በፍጹም አትቁሙ፣ ከኋላም አትቅረቡ። ወንዱ ዝሆን በዓይኑና በጆሮው መካከል ወፍራም ፈሳሽ ካወረደና ሽንቱ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ «መስት» በሚባለው የስሜት መነሳሳት ወቅት ላይ ነው። በዚያ ወቅት የገዛ ጠባቂውንም ሊገድል ይችላል። ደህና መንደር እንዲህ ያለውን ዝሆን ለእንግዳ አያሳይም።

በቆመበት ሳያቋርጥ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ዝሆን ደስ ብሎት እየጨፈረ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ከመታሰርና ከብቸኝነት የሚመጣ ምልክት ነው። ግንባሩ ላይ ትኩስ የመውጊያ ነጠብጣብ ወይም ጀርባው ላይ የኮርቻ ቁስል ካያችሁም ጥያቄያችሁን በቀጥታ አቅርቡ።

ባንኮክ_ነዋሪ

ቤዛ፣ ዋናው ነገር ቢጫ ወባ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ታይላንድ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሱቫርናቡሚ (የባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ) ስትደርሱ ፓስፖርት ሰልፍ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ጤና ቁጥጥር ሄዳችሁ ማኅተም አስመቱ፤ ያለዚያ ሰልፉን ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ። እናትሽ ከዚህ በፊት ካልተከተቡ ግን ዝም ብለው እንዳይከተቡ። ከ60 ዓመት በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ለከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ያለው ዕድል ከፍ ስለሚል ሐኪም ያማክሩ፤ ሐኪሙ ከከለከላቸው የሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።

ከግንቦት 2025 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ደግሞ ዲጂታል የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት መሞላት አለበት፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ትክክለኛው አይደለም።

መንገዱ፦ ከቺያንግ ማይ በዶይ ኢንታኖን ተራራ በኩል ሜ ቼም ከተማ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ቁጠሩ፣ ከዚያ ወደ መንደሮቹ የሚወስደው ጥምዝምዝና ኮረኮንች ነው። ለልጆቹ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ቀደም ብለው ይውሰዱ። ባንክ ማሽን መንደር ውስጥ የለም፣ ዝርዝር ባት ከከተማ ያዙ። ወቅቱን ጥሩ መርጣችኋል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የቃጠሎ ጭስ አለ፣ ከዚያ ዝናብና አልቅት። በታኅሣሥ ግን ተራራው ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ቤቶቹም የእንጨትና የቀርከሃ ናቸው። የእናትሽ ጋቢ አይቀር። የግንባር ባትሪ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማና ደብዘዝ ያለ ልብስ ለሁሉም።

ቤቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ ስለሚሠሩ ደረጃ አላቸው፣ መኝታው ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው፣ ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ለጉልበታቸው ዝቅ ያለ ቤትና አንድ ፕላስቲክ ወንበር አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ይሰጣሉ። ዝሆኖቹ ያደሩበት ቦታ ግማሽ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፣ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ጠባቂው በዋዜማው የት እንዳሉ ስለሚያውቅ ለእናትሽ የሚቀርበውን ዝሆን እንዲመርጥላቸው ንገሩት፤ የቀርከሃ ምርኩዝም ይቆርጥላቸዋል።

ጾሙን በተመለከተ «ማንግሳዊራት» ብላችሁ ካዘዛችሁ እንቁላል ይመጣል፣ የዓሣ ስጎም ሊገባበት ይችላል። «ጄ» በሉ። ያ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ስጎ የሌለበት ነው፣ አስጎብኚው ለቤቱ እመቤት ከሳምንት በፊት ያስረዳ። በርበሬ ድልሁ ውስጥ የሽሪምፕ ድቁስ ይገባል፣ እሱን ለይታችሁ አስቀሩ። ሩዝ፣ ዱባ፣ የሙዝ አበባና የዱር ቅጠላ ቅጠል ሞልቷል። ትንሽ በሶ ብትይዙላቸው ለጉዞውም ይሆናል። ቡናም አያጡም፤ አካባቢው በጥላ ሥር አረቢካ ያበቅላል፣ ቆልተው አፍልተው ያቀርባሉ።

ጫማ ደጅ ይወለቃል፣ የሰው ራስ አይነካም፣ በተቀመጠ ሰው ወይም በምግብ ላይ ተራምዶ አይታለፍም። «ታ ብሉ» ማለት ምስጋና ነው፣ ልጆቹ ቢያጠኑት በጣም ይደሰታሉ። ከቤቱ ሥር ሴቶች ሽመናውን አንዱን ጫፍ ከምሰሶ፣ ሌላውን በቀበቶ ከወገባቸው ጀርባ አስረው፣ በገዛ ሰውነታቸው ክሩን እየወጠሩ ሲሠሩ ታያላችሁ። አንድ ቀሚስ የብዙ ቀን ድካም ነው፣ በዋጋ አትከራከሩ፣ ከሠራችው ሴት እጅ ግዙ።

ቤዛ_ከአዲስ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተረዳሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አስጎብኚው «ረጅም አንገት ያላቸው ካሬኖች» መንደርንም እንጨምርላችሁ ብሎናል፣ አብሮ ይሄዳል? የ8 ዓመት ልጄስ ጫካ መግባት ይችላል?

የጫካ_መንገድ

እነሱ ካያን ይባላሉ፣ ከምያንማር ጦርነት ሸሽተው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጡ ናቸው። ዝሆን ከሚጠብቁት ካሬኖች ጋር ዝምድና ቢኖራቸውም ሕይወታቸው ሌላ ነው። መግቢያ ተከፍሎ ሴቶቹን ፎቶ አንስቶ የሚወጣበት ጉብኝት፣ ብዙዎቹ የዜግነት መብት ሳይኖራቸው በዚያ ገቢ ላይ የታሰሩ በመሆናቸው፣ ከመንደር ማደር ጋር አይወዳደርም። እኔ ብሆን ያንን ግማሽ ቀን እዚያው መንደር ሩዝ ሲወቀጥ በማየት ላሳልፈው።

ልጁ ይችላል፣ ግን ከአዋቂ አንድ ክንድ እንዳይርቅ፣ እንዳይሮጥ። ዝሆን የሚሮጥ ትንሽ ነገር አይወድም። ኪሱ ውስጥ ብስኩትም ሙዝም እንዳይኖር፣ የምግብ ቦርሳ በሙሉ መንደር ይቅር። ለአምስታችሁ ሁለት ጠባቂ ጠይቁ፦ አንዱ ከዝሆኑ ጋር፣ ሌላው ከእናንተ ጋር። ተጨማሪውን ክፍያ ለእሱ በእጁ ስጡት።