በጎ ፈቃድ ከሆነ ስም መጥራቱ ምን ይሉታል?

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አስተባባሪያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «በክረምት በጎ ፈቃድ ያልተሳተፈ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብዳቤ አይጻፍለትም።» በጎ ፈቃድ እኮ ነው የሚለው! ጠዋት ጠዋት ስም እየጠራ!

ባለ አካፋ፦ ስም ባይጠራ ማን ይመጣል? የእማማን ቤት ስናድስ 14 ነበርን። ስም ባይጠራ ሦስት እንሆን ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦ ተባረክ! ሦስት በጎ ፈቃደኛ፣ አሥራ አንድ ደብዳቤ ፈላጊ።

ጎረቤት ነኝ፦ «ስናድስ» ነው ያልከው? በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀለም ቀብታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ሄዳችሁ። የጓሮው ቆርቆሮ እንደተበሳ ነው። ትናንት ማታ እማማ አልጋቸው ላይ ሳፋ ደግነው ወንበር ላይ ነው ያደሩት።

ባለ አካፋ፦ ቀለም መጣ፣ ቀለም ቀባን። ቆርቆሮ ከኪሴ ልግዛ?

የ67 ዘማች፦ እኛ በደርግ ጊዜ በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ሆነን ገጠር ስንዘምት ፎቶ የሚያነሳን አልነበረም። ፊደል አስቆጠርን፣ ገበሬ አደራጀን። የዛሬ ልጅ ለሁለት ሳምንት አካፋ ያለቅሳል።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መቅረት ይችሉ ነበር? ያልዘመተ ትምህርትም ሥራም አያገኝም አልተባለም?

የ67 ዘማች፦ ተብሏል። ግን «ዘመቻ» ነው የተባለው፤ በጎ ፈቃድ ብሎ የሸነገለን የለም። ከዚያ በፊትም በ1957 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደህ ካላገለገልክ ዲግሪ የለም። ስሙም «አገልግሎት» ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦ እኔም የምለው ይኸንኑ ነው! ግዴታ ከሆነ ግዴታ ይበሉን።

ጎረቤት ነኝ፦ ደርግ እኮ ከአዲስ አበባ ሊያርቃችሁ ነው የላካችሁ፣ ጋሼ።

የ67 ዘማች፦ አንቺ ያኔ ተወልደሽ ነበር?

ጎረቤት ነኝ፦ እናቴ ዘምታለች። እርስዎን ብቻ አይደለም የላኩት።

ባለ አካፋ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ያለ መዝገብ ሥራ አይሠራም፤ በቃ።

ጠመኔ፦ አይሠራም? በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.2 ነው ሲባል ደንግጬ የሰፈሬን ልጆች ሁለት ክረምት ሒሳብ አስጠናሁ። ስም የጠራ የለም፣ ጠመኔውንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ደብዳቤ ልጠይቅ ስሄድ «መዝገብ ላይ የለህም» ተባልኩ።

ባለ አካፋ፦ ለምን አልተመዘገብክም ታዲያ?

ጠመኔ፦ በጎ ፈቃድ መስሎኝ።

ባለ አካፋ፦ አሁን ይኼ መልስ ነው?

ጎረቤት ነኝ፦ የመዝገቡን ተዉትና፣ ቆርቆሮው መቼ ነው የሚመጣው?

ባለ አካፋ፦ ተጠይቋል ብለውናል።