የ7 ሳምንት ልጄ ቀኑን ተኝታ ሌሊቱን ነቅታ ታድራለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የኮዬዋ እናት

ሰላም እህቶቼ። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ 7 ሳምንት ሆኗታል። የ45 ቀን ክትባቷን ወስዳለች፣ ክብደቷም በደንብ እየጨመረ ነው ብለውኛል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ አርሳኝ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሳለች፤ ባለቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ሊይዝ ስለሚወጣ ቀኑን ብቻችንን ነው የምንውለው።

ቀን እንቅልፍ በእንቅልፍ ናት። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ዓይኗ ይፈጣል። ከዚያ በኋላ ጡት ላይ ሆና ታንቀላፋለች፣ አልጋ ላይ ሳስተኛት ወዲያው ትነቃለች። ደረቴ ላይ ከሆነች ግን ድምጿም አይሰማ። ተኝታም ታቃስታለች፣ ትንጠራራለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ የሚያማት እየመሰለኝ አነሳታለሁ። አማቴ «ጡትሽ አላጠገባትም፣ አብሽ አቅምሻት» ይላሉ። ጎረቤቴ ማታ ማታ የቆርቆሮ ወተት እንድጨምርላት ትመክረኛለች። የወሊድ ፈቃዴም እያለቀ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊት መተኛት እንድትለምድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ገላን

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የጻፍሽው ሁሉ የ7 ሳምንት ሕፃን ጠባይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛሉ፤ የሚተኙት ግን ቆራርጠው ነው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት ከእነሱ ጋር አይወለድም። ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይመጣል። ስለዚህ አሁን ማስለመድ ሳይሆን ማገዝ ነው የምትችይው፣ የሚያግዘውም ብርሃን ነው። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺ፣ ቀን ስትተኛ ቤቱን አታጨልሚባት፣ ዕቃ ማጠብሽንም ቡና መውቀጥሽንም አትተይ። ቀን ሳትጠባ 3 ሰዓት ካለፋት ቀስቅሰሽ አጥቢያት፤ ቀን የጠባችው ለሌሊቱ ይረዳታል። ማታ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጊ። መብራት ደብዘዝ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል። ዳይፐር ካልረጠበ ወይም ካልቆሸሸ አትቀይሪ፣ አታጫውቻት፣ ስልክሽንም ከፊቷ አርቂ።

ስለ ማቃሰቷ። ከሕፃን እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ ቀላል እንቅልፍ ነው። ዓይኗ ከቆቡ ሥር ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሿ ፈጠን ዘግየት ይላል፣ ፈገግ ትላለች፣ ታለቅስ ይመስል ታጉረመርማለች። ነቅታ አይደለም። በዚህ ሰዓት ካነሳሻት የቀሰቀስሻት አንቺ ነሽ ማለት ነው። ትንሽ ቆም ብለሽ ተመልከቻት፤ ዓይኗን ከፍታ ጡት ከፈለገች አንሺያት፣ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ራሷ ትመለሳለች። እንቅልፍ ሲወስዳትም መጀመሪያ የምትገባው እዚህ ቀላል እንቅልፍ ውስጥ ስለሆነ ነው ወዲያው ስታስተኚያት የምትነቃው። 20 ደቂቃ ያህል ያዢያት፣ ክንዷን አንሥተሽ ልቀቂው፤ ልፍስፍስ ብሎ ከወደቀ ጠልቃለች። አልጋው ላይ መጀመሪያ ቂጧን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን፣ መጨረሻ ጭንቅላቷን አሳርፊ፤ እጅሽንም ደረቷ ላይ ጥቂት አቆይው።

አብሽም፣ ስኳር ውሃም፣ ቅቤም አታቅምሻት። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልጋትም። ክብደቷ ከጨመረ እና በቀን 6 ዳይፐርና ከዚያ በላይ ካረጠበች ጠግባለች። የቆርቆሮ ወተትም ሌሊቱን ሙሉ ያስተኛል ማለት አይደለም። ይልቁንም ጡት የሚመረተው በመጥባት ልክ ስለሆነ የአንቺን ይቀንሰዋል። ወተት የሚያመርተው ሆርሞን በተለይ ሌሊት ከፍ ይላልና የሌሊቱን ጡት አትዝለይ። አማትሽ ለልጅቷ ብለው ስለሆነ አትቀየሚያቸው፤ ቀጣዩ ክትባት ላይ አብረውሽ ይምጡና ባለሙያዋ ትንገራቸው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አያት ሰፈር

ልጄ፣ ነርሷ ትክክል ብላለች፣ አብሹን ተዪው። እኔ የምጨምረው ማቀፍን ነው። አመሻሽ ላይ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ብዙ ሕፃን ያለ ምክንያት ያለቅሳል። የኔ ሁለተኛ ልጅ በዚያ ሰዓት ጡትም አይቀበል ነበር። ደረቴ ላይ አቅፌው፣ ነጠላ ጣል አድርጌ፣ ከሳሎን እስከ በረንዳ እየተመላለስኩ እሽሩሩ ስለው ነበር የሚበርድለት። ለቅሶው 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከ3 ወር በኋላ ይቀላል፤ ስለዚህ ከባዱ ላይ ነሽ። አንገቷ እስኪጠና ከፊት እቀፊያት፣ አፍንጫዋ እንዳይሸፈን ብቻ ተጠንቀቂ። ጠዋት ፀሐይ ማሞቁንም እንዳትተይ፣ ለአጥንቷም ነው።

መልስ፦ አባት፣ ቱሉ ዲምቱ

እኔም ሌሊት ነው የምወጣው። እኛ ቤት የሠራልን ነገር ሌሊቱን መክፈል ነው። ከማታ 2 እስከ 5 ሰዓት ልጁ የኔ ነበር። ባለቤቴ አጥብታ በሩን ዘግታ ትተኛለች፣ እኔ አስገሳዋለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አቅፌው እቆያለሁ፤ ለጡት ብቻ ነው የምቀሰቅሳት። ሦስት ሰዓት ሳይቆራረጥ የተኛች እናት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ናት። ባለቤትሽን በግልጽ ጠይቂው እህቴ። አብዛኞቻችን እስክንጠየቅ እንጠብቃለን፣ ያ ደግሞ ልክ አይደለም።

የኮዬዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ለባለቤቴ አነብለታለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። በጀርባዋ ካስተኛኋት ትን ይላታል ብዬ በጎኗ በትራስ ደግፌ ነው የማስተኛት። ቤታችን ደግሞ ንፋስ ይበዛበታል፣ ሌሊት በጣም ይበርዳል፤ ከሰሉን ካጨሰ በኋላ፣ ፍም ሲሆን፣ መኝታ ቤት ብናስገባው ችግር አለው?

አዋላጅ ነርስ፣ ገላን፦

ከሰሉን በፍጹም አታስገቢ። ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አይተውም። ሽታ የለው፣ አይታይም፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ተኝተው ሳለ ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል። በየክረምቱ የምንሰማው ይሄንኑ ነው።

ለብርዱ ልብስ ይበቃታል፤ አንቺ ከለበስሽው አንድ ደረብ ጨምሪላት። እጇ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፣ የሚታየው ማጅራቷና ደረቷ ነው። እዚያ ላይ ሞቅ ካለ ደህና ናት፣ ካላባት ግን አንዱን አውልቂ። አልጋዋን ከመስኮቱ አርቂው፣ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ድፈኝው። ስትተኛ ጋቢም ወፍራም ብርድ ልብስም ፊቷ አጠገብ አይሁን፣ ኮፍያዋንም አውልቂላት። መጠቅለል ከፈለግሽ እግሮቿ እንደ ልብ የሚታጠፉበት ቦታ ይኑር፣ ዳሌዋን አጥብቀሽ አትሰሪ፤ መገልበጥ መሞከር ስትጀምር ደግሞ ጥቅሉን ተዪ።

በጀርባዋ ማስተኛቱን አትፍሪ። በጀርባ ሲተኙ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ያስመለሰችው ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ይቸግረዋል። በጎን የተኛ ሕፃን በቀላሉ በሆዱ ይገለበጣል፣ አደጋው እሱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ከጀመረች በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። ትራሱን አንሺው፣ ፍራሹ ጠንከር ያለና ሜዳ ይሁን። ከእናንተ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሷ ቦታ ብትተኛ ጥሩ ነው። ሶፋ ላይ ታቅፈሻት እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ግን አደራ፤ እንቅልፍ ካሸነፈሽ አልጋው ይሻላል፣ ትራስና ጋቢ የሌለበት።

መልስ፦ ሠራተኛ እናት፣ ለገጣፎ

የወሊድ ፈቃዱን ነገር እኔ ልመልስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው 90 የሥራ ቀን ነው፤ ገና ጊዜ አለሽ። ወደ ሥራ ስመለስ ልጄ ሌሊት ይነቃ ነበር፣ አሁንም አልደበቅኩም ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ያዳነኝ ቀድሜ ጡት አልቤ በኩባያ መስጠትን ለሞግዚቷ ማሳየቴ ነው። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄን አስቢበት። ደግሞ 4 ወር አካባቢ ጥሩ ትተኛ የነበረች ልጅ እንደገና መንቃት ልትጀምር ትችላለች። የእንቅልፏ አሠራር ወደ አዋቂ ስለሚቀየር ነው፣ ያኔ ወተቴ አለቀ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

አዋላጅ ነርስ፣ ገላን፦

አንድ ነገር ልጨምር። ጡት እምቢ ካለች፣ ከተለመደው በላይ ደንዝዛ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ትኩሳቷ 37.5 ከደረሰ ወይም ሰውነቷ ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካንቀጠቀጣት፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ሌሊቱንም ቢሆን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

አንቺም ብትሆኚ። እሷ ተኝታ አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሐዘኑና ለቅሶው ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በ10 ሳምንቷ ክትባት ስትሄጂ ለባለሙያዋ ስለ ራስሽም ንገሪያት፤ ከዚያ በፊት ከከበደሽም ክትባቱን አትጠብቂ።