እናቴ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ትረበሻለች፤ ሙዚቃ የሞከራችሁ አላችሁ?

ታላቋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ አልዛይመር እንዳለባት ከተነገረን ቆይቷል። ቀን ቀን ደህና ናት፤ ወደ ማታ ግን ሌላ ሰው ትሆንብናለች። «ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» እያለች ከበሩ ጋር ትታገላለች። ልጆቿ እኮ አጠገቧ ቁጭ ብለናል! ወንድሜ ሙዚቃ ያረጋጋል ሲባል ስለሰማ ሬዲዮውን ከጠዋት እስከ ማታ አያጠፋውም። አንዳንድ ቀን ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ትከተላለች። ሌላ ቀን ጆሮዋን ይዛ «ዝም አሰኙልኝ» ትላለች። እንቀጥል ወይስ እንተወው? ምን ዓይነት ሙዚቃ፣ በስንት ሰዓት?

የማታ ተረኛ
አይዞሽ እህቴ። ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም ከአረጋውያን ጋር ነው። መጀመሪያ ሬዲዮውን አጥፉት። እኛ የማንፈልገውን ድምፅ ወደ ጎን ትተን እናወራለን፤ እሷ ግን ዜናውም፣ ማስታወቂያውም፣ የእናንተ ወሬም እኩል ነው የሚመጣባት። ሙዚቃው እንደ መድኃኒት ሰዓት ይኑረው። ረብሻው 11 ሰዓት ላይ የሚጀምራት ከሆነ 10፡30 ላይ ክፈቱላት። አንዴ በሩን መታገል ከጀመረች በኋላ የሚከፈት ዘፈን ተጨማሪ ጫጫታ ነው።

ምርጫውን በተመለከተ፣ «የሚያረጋጋ ሙዚቃ» እየተባለ የሚሸጠውን ተይው። ከ10 እስከ 30 ዓመቷ ድረስ ስትሰማው የኖረችውን ፈልጊ። እሷን «ምን ትወጃለሽ?» ብለሽ አታስጨንቂያት፤ እህት ወንድሞቿንና የድሮ ጓደኞቿን ጠይቂ። የትኛው ዘፈን ሐዘን እንደሚያስታውሳትም እግረ መንገድሽን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ የምናውቀውን ዜማ የሚይዙት የአንጎል ክፍሎች አልዛይመር ዘግይቶ ከሚጎዳቸው መካከል መሆናቸውን አሳይቷል። ስምሽ የጠፋባት እናት የዘፈን ግጥም ሳትስት ብትወጣው አይግረምሽ።

ግን ተአምር አትጠብቂ። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ሙዚቃን መሠረት ያደረገ ሕክምና ድብርትንና በጥቅሉ የባሕርይ ችግሮችን ሳይቀንስ እንደማይቀር፣ መነጫነጭና ቁጣን ለብቻው ሲያዩት ግን ብዙም ለውጥ እንዳላገኙ ይናገራል። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው፤ ፊት ይፈታል፣ በሩ ግን አንዳንዴ መመታቱ አይቀርም።

ደግሞ ረብሻው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰ ሙዚቃውን ተይና ሐኪም ጋ ውሰጃት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ሕመም ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

የእሷው ሰው
ልጄ፣ እኔ ባለቤቴን ነው የማስታምመው። ስልኩን ስከፍትላት «ማነው እዚያ ያለው?» እያለች ሰውየውን ትፈልጋለች። ስለዚህ ራሴ መዝፈን ጀመርኩ። ድምፄ የተቀደደ ከበሮ ነው፤ ወጣት ሳለን ራሷ ነበረች ዝም የምታሰኘኝ! አሁን ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ታየዋለች፣ አፌን እያየች ትከተለኛለች። ልብስ ማልበስና ማጠብ ጦርነት ነበር። «እጅሽን አንሺ» ስላት ትቆጣለች፤ እያዜምኩ እጅጌውን ሳቀርብላት ግን እጇ ራሱ ይገባል። እሷ ስትፈጥን እኔም በፍጥነት እጀምርና ቀስ በቀስ አዘገየዋለሁ፣ አብራኝ ትወርዳለች። ሁሌ ይሠራል አልልሽም። ሳይሠራ ሲቀር ፎጣውን አስቀምጬ ከክፍሉ እወጣለሁ፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተመልሼ እንደ አዲስ እንጀምራለን።

ታላቋ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ሬዲዮው ተዘግቷል (ወንድሜ አኩርፏል)። አክስቴን ብጠይቃት እናቴ ተማሪ ሳለች የመዘምራን ቡድን ውስጥ ዜማ ታወጣ ነበር አለችኝ፤ ለእኛ ማንም ነግሮን አያውቅም። ከመዝሙሮቹ አንዱን አግኝተን ስናሰማት ግን አለቀሰች። ልከልክላት? ሌላው፣ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል ወይስ ስፒከር?

የማታ ተረኛ
ለቅሶ ሁሉ ክፉ አይደለም። እያለቀሰች አብራ ካዜመች፣ ወይም እጅሽን ከያዘች ተያት። ግንባሯን ከቋጠረች፣ ከተቁነጠነጠች ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ግን ወዲያው አጥፊና ያንን መዝሙር ከዝርዝሩ አውጪው።

የጆሮ ማዳመጫ ጫጫታ ባለበት ቤት ይጠቅማል፤ እየጎተተች ካወለቀችው ግን አታስገድጃት። ስፒከር ከሆነ ከፊቷ አድርጊው፣ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ያስደነግጣታል። ዘፈኖቹን አውርደሽ አስቀምጪ፤ ከዩቲዩብ ስታጫውቺ መሃል ላይ የሚጮኸው ማስታወቂያ ልፋትሽን ገደል ይከተዋል። ድምፁን ከመጨመርሽ በፊት ደግሞ ጆሮዋን አሳዪ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የጆሮ ኩክ ሆኖ ይገኛል።

ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉት፦ የሚያረጋጋት፣ የሚያነቃቃት፣ በጭራሽ የማይከፈትላት። እናንተ በሌላችሁበት የሚያስታምማት ሰው ያስፈልገዋል፤ ሆስፒታል ከተኛችም አብሯት ይሂድ። ያኮረፈውን ወንድምሽን ደግሞ የማውረዱን ሥራ ስጪው።