የዶክትሬት ተማሪዎች ጭንቀትና የሥራ ጫና፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ሰሜን ሸዋ ማስተማሩን ሳይለቁ ዶክትሬት የሚሠሩ ባልደረቦች አሉን። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ በዝቷል። ተራ ድካምን ከሕመም በምን እንለየው? ከአማካሪ ጋርስ ሥራው እንዴት ይስተካከል?

መልስ 1፦
ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክቶች መጠይቅ ተጠቀሙ። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። ድምሩ 10 ከደረሰ ሐኪም ይየው። 9ኛው ጥያቄ ግን ድምር አይጠብቅም፦ ራስን ስለመጉዳት ነውና መልሱ ከ0 በላይ ከሆነ ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። መጠይቁ ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ።

መልስ 2፦
እባካችሁ ሁሉንም በተማሪው ድክመት አታላክኩ። በ2017 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ፍላንደርስ በ3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ላይ የታተመው ጥናት፣ ሲሶ ያህሉ ለአእምሮ ሕመም የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የሥራ ጫና፣ የሥራና የቤተሰብ ግጭት፣ የአማካሪው አመራር ሁሉ ከዚሁ ጋር ተያይዘዋል። የማስተማር ሰዓት ቅነሳ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይጠየቅ።

መልስ 3፦
ከአማካሪ ጋር በየ2 ሳምንቱ የ30 ደቂቃ ቋሚ ቀጠሮ ያዙ። የተወሰነውን፣ ማን ምን እንደሚሠራና ቀነ ገደቡን በዚያው ቀን በአምስት መስመር በኢሜይል ላኩ፤ ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «እንዲህ አላልኩም» ከሚለው ነው። ምዕራፍ ስትልኩም «የናሙና አመራረጡን ብቻ ይዩልኝ» በሉ፣ ቶሎ ይመለሳል። መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ለመረጃ የሚወጣ ደግሞ፣ መንገድ ቢዘጋ የሚተካውን ቀበሌ አስቀድሞ ያስጸድቅ፤ አለዚያ ለውጡ እንደገና ወደ ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሄዳል።