ከደሴ ደርሶ መልስ፦ ልጆችን ጥድ፣ ዝግባና ፓይን የት እናሳያቸው?

ጦሳ_ግርጌ (ጠያቂ)
ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ። በጥር ከደሴ ተነስተን የአንድ ቀን የደን ጉብኝት አስበናል። ሁለት አዋቂዎች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችን እና የ11፣ የ8፣ የ4 ዓመት ልጆች ነን። ጥድና ዝግባው ተለይቶ የተተከለበት፣ በየዛፉ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ፈልጌ ነበር። የጎፍ ደን ይሻላል ወይስ ደንቆሮ የሚባለው ደን? የሐበሻውን ጥድ ከፈረንጁ ልጅ እንኳ በሚለየው ምልክት ንገሩኝ። ደግሞስ ቡና እዚያው ማፍላት ይቻላል? እናታችን ያለ ቡና አይሆንላቸውም።

ሐረጎ_ቁልቁል
አብሽር ወንድም ዓለም፣ ሩቅ አትሂዱ። ስም የተለጠፈበት የተደራጀ ስብስብ ከሆነ የምትፈልገው አዲስ አበባ ስትገባ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን እይ። ከደሴ ለአንድ ቀን ግን የጎፍ ነው። ደንቆሮ ያለው ቦረና ሳይንት ስለሆነ መንገዱ ብቻውን ቀኑን ይበላዋል፤ ማደሪያ ይዞ ለሚሄድ ሰው ተውት።

የጎፍ ኮምቦልቻን ቁልቁል የሚያይ ተራራ ነው። ከተማዋ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የተራራው ጫፍ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ጫፉ ላይ እንውጣ ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነውና ከ4 ዓመት ልጅ ጋር አይታሰብም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ልጆቹ የሚፈልጉትን ሁሉ ግርጌው ላይ ያገኙታል። እናታችሁ ተሽከርካሪው የሚቆምበት አካባቢ ጥላ ይዘው ይቀመጡ፣ እናንተ እየተፈራረቃችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ። ጉልበት የሚፈተነው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ መሆኑን አትርሱ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ጠግቦ የተሳፈረ ልጅ ጠመዝማዛው ላይ ያስመልሰዋል። ቁርሱን ቀለል አድርጉት፣ ፌስታል በእጃችሁ ይኑር፣ ስልክ ላይ እንዳያፈጡ ከልክሏቸው። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ባጃጁን ለደርሶ መልስ ተነጋገሩት፤ የመመለሻውን ሰዓት ቁረጡ፣ ስልኩን ያዙ፣ ሙሉውን ግን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ከሰዓት በኋላ ከደን ዳር ባዶ ባጃጅ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከደሴ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ፣ 3 ሰዓት ላይ ጥላ ሥር ሁኑ፣ 8 ሰዓት ሲሆን ዕቃ ሰብስቡ። ጥብቅ ደን ስለሆነ መታወቂያ ያዙ፣ ጠባቂ ካገኛችሁም የት እንደምትቀመጡ ንገሩት። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ጠዋት ኮምቦልቻ ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። ጥር ማለታችሁ ደግ ነው። በልጉ ከገባ በኋላ የረገፈ የጥድ ቅጠል የለበሰ ዳገት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ በደረቁም አይሆንም።

ቅጠል_ለቃሚ
ስለ መለያው ልመልስ። በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅሉ የጥድና የፓይን ወገን ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ሌላው ሁሉ መጤ ነው። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ፓቱላ የሚባለው ፓይን ከሜክሲኮ፣ ራዲያታ የሚባለው ፓይን ከካሊፎርኒያ የመጡ ናቸው።

ጥድን በቅጠል አትፍረዱበት። የሁለቱም ጥዶች ቅጠል ደቃቅ ቅርፊት መስሎ ቀንበጡ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ አዋቂውንም ያሳስታል። ፍሬውን እዩ። የሐበሻው ፍሬ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ሲበስል ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚሄድ፣ ላዩ አመድ የነሰነሱበት የሚመስል፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚለሰልስ ነው። የፈረንጁ ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ድቡልቡል እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ከሥሩ መሬት ላይ የተከፈተ የእንጨት ኳስ ካገኛችሁ ጉዳዩ አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል፦ ፍሬ ያጣበትን ጥድ ሁሉ «ይሄስ የፈረንጅ ነው» ይላል። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቱ በየራሱ ዛፍ ነው፣ ወንዱ ምንጊዜም እንዲህ ያለ ፍሬ አይይዝም። የፈረንጁ ግን ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ዛፍ ላይ ያበቅላል። ስለዚህ ፍሬ ካጣችሁ አጠገቡ ያለውን ዛፍ እዩ እንጂ አትፍረዱ። ሌላው ምልክት የሕፃን ችግኙ ነው፤ የሐበሻው ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉ እሾህ መሰል ሆኖ ይዋጋል።

ዝግባ አያስቸግርም። ቅጠሉ ጠፍጣፋና ቀጭን፣ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነው፤ ጥድን ብቻ የሚያውቅ ልጅ የጥድ ዘመድ መሆኑን አያምንም። እንደ ጥዱ በየቦታው አይገኝም፤ እርጥበት የሚይዝ ሸለቆ ውስጥና የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ፈልጉት። ከቅጥር ውስጥ ግን ቅጠልም ቢሆን አትቁረጡ፣ ያስነውራል።

ፓይኖቹን ቅጠላቸው ይለያቸዋል፦ እንደ መርፌ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት እየሆነ ከአንድ ሥር ይወጣል። ፓቱላ ረጅምና እንደ ፀጉር ወደ ታች የተንዠረገገ ነው። ራዲያታ አጠር ብሎ ቀና ያለ ሲሆን ፍሬው አንድ ጎኑ ያበጠ ነው።

ልጆቹን መሬቱንም አሳዩአቸው። ተጠጋግቶ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ሥር ብርሃን ስለማይደርስ ከረገፈ ቅጠል በቀር ምንም የለም ማለት ይቻላል። በተፈጥሮው ጥድ መሐል ደግሞ ወይራው፣ ቀጋው፣ አጋሙ፣ ክትክታው ሞልቷል። ለእኔ ከዛፉ ስም ይልቅ ይህን ልዩነት ማየቱ ይበልጣል።

እመት_ጀበና
ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ ሞልታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና ውሃውን ድፉ፣ ከዚያ ቡናውን እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ የሆነ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አተላው አብሮ እንዳይገባ አስክኑት፣ አለዚያ እስከ ምሳ ይመርራል። ረከቦትና ስኒ ካለ፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ካለ እናታችን አይከፋቸውም።

ውሃ ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር፣ ለእጅ መታጠቢያ ተጨማሪ 5 ሊትር። እዚያ እናገኛለን አትበሉ። ወጥ ያለበት ምሳ ለመንገድ አይሆንም፤ ደረቅ ፍርፍርና ቅቅል እንቁላል ይሻላል። ጦጣ ከመጣ ምግቡን ሸፍኑ እንጂ አትወርውሩለት፤ አንዴ የለመደ ቀጣዩን ቤተሰብ ይነጥቃል። ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ የተቀመጠ ልጅ ማታ ጉልበቱ ሥርና ብብቱ መዥገር ይታይለት።

አዝዋ_ማዶ
ቦታውን በደንብ ጠርጎ ከሰል ማቀጣጠል ምን ይላል? ሲጨርሱ አፈር ማልበስ ነው።

ቅጠል_ለቃሚ
አይሆንም ወንድሜ። በጥር ደረቅ ነው፣ የጥድ ቅጠልና ሙጫ ደግሞ ቶሎ ይቀጣጠላል። ከላይ ብትጠርገውም ከሥሩ ለዓመታት የተከማቸ ግማሽ ብስባሽ አለ፤ ፍሙ ወደዚያ ከዘለቀ ያለ ነበልባል ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ ይቆይና ነፋስ ሲያገኘው ብቅ ይላል። አፈር ማልበስ ፍምን አያጠፋም፤ ረመጥ በአመድ ተዳፍኖ እንደሚያድር ቤትህ ታውቀዋለህ። ዕጣኑም ሲጋራውም እንደዚያው ነው።

ሲባጎ
ለ11 እና ለ8 ዓመቶቹ ሥራ ስጧቸው፣ አለዚያ በግማሽ ሰዓት ይሰለቻሉ።

ቁመት መለካት፦ ቀጥ ያለ በትር ይያዝ። ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከዓይን እስከ ጭብጥ ያለው ርቀትና ከጭብጥ በላይ ያለው የበትሩ ርዝመት እኩል ይሁኑ። በትሩን ቀጥ አድርጎ፣ ጫፉ ከዛፉ ጫፍ፣ ጭብጡ ከዛፉ ሥር እስኪገጥም ወደ ኋላ መሄድ። ከቆሙበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። የሚበላሸው በትሩ ሲያዘነብልና ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ሲቆሙ ነው፤ ተራራ ላይ ወደ ጎን፣ ከዛፉ እኩል ከፍታ ላይ ቁሙ። ወደ ኋላ የሚሄደውን ልጅ አዋቂ ይጠብቀው።

ውፍረት፦ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ሲባጎ ማዞር፣ በሜትር መለካት፣ ለ3.14 ማካፈል። ዙሪያው 220 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 70 ነው። ተዳፋት ላይ 1.30ውን ከላይኛው ጎን ለኩ።

ጉቶ ካገኙ ቀለበት መቁጠራቸው አይቀርም። ይቁጠሩ፣ ግን ዕድሜው ይህ ነው አትበሏቸው። እኛ አገር በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል።

ለትንሹ፦ መሬት ላይ የወደቀ፣ የተከፈተ የፓይን ፍሬ አንድ ሁለት ይዛችሁ ተመለሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። የቅርፊቱ የውጭ ገጽ ከውስጡ ይበልጥ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። የሞተ ዛፍ ፍሬም ቢሆን ይሠራል።

ልብስ ላይ የተጣበቀ ሙጫ በውሃ አይለቅም፤ መጀመሪያ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ አሹት፣ ከዚያ በሳሙና።