አዲስ ዎልፔፐር የተለጠፈበት የምግብ ክፍል፦ መጋረጃውና መብራቱ ምን ይሁን?

የማራኪዋ፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የምንኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ባለፈው ሳምንት የምግብ ክፍላችንን ዎልፔፐር አስለጠፍን። መደቡ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ በላዩ ደብዘዝ ያለ ወርቃማ ቅጠል አለበት። የተለጠፈው ሁለት ግድግዳ ላይ ነው፣ መስኮቱ ያለበትና ቡፌው የቆመበት። የቀሩት ሁለቱ ክሬም ቀለም ናቸው። ቀን ቀን በጣም ደስ ይላል፣ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እጄን አሳርፍበታለሁ። ማታ መብራት ሳበራ ግን የሌላ ሰው ቤት ይሆንብኛል። አረንጓዴው ግራጫ ይመስላል፣ ወርቃማው ቅጠል ይጠፋል፣ የተቀመጠው ሰው ፊት ሳይቀር ያመመው ይመስላል።

መጋረጃ እስካሁን የለም፣ ለጊዜው አንሶላ ሰቅያለሁ። እናቴ ወይን ጠጅ ከፋይ ከነዘርፉ ካልሆነ ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ትልልቅ ወርቃማ አበባ ያለበት ጨርቅ አይቶ ወዶታል። እኔ ሁለቱም ይከብዳል ባይ ነኝ፣ ግን ምን ይሻላል ስባል መልስ የለኝም።

ልኩን ልንገራችሁ። ክፍሉ 3.60 በ4.20 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.80። መስኮቱ 1.60 ስፋት አለው፣ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ትገባለች። ጠረጴዛው የስድስት ሰው ነው፣ 1.80 በ90 ሳንቲ። መብራቱ ኮርኒሱ መሃል ላይ ያለች አንድ አምፖል ብቻ ናት፣ ጠረጴዛው ደግሞ ወደ ቡፌው ስለተጠጋ ከአምፖሏ ሥር 40 ሳንቲ ያህል ይርቃል። ቡናም የሚፈላው እዚሁ ነው።

ለከተራ እንግዳ ይገባል፣ እህቴ ከነልጆቿ ከውጭ ትመጣለች። ሁለት ወር አልቀረኝም። ከየቱ ልጀምር?

የአዘዞው ኤሌክትሪሻን፦

ከመብራቱ ጀምሪ እህቴ። መጋረጃውን እንዳትነኪው ገና።

ያለችሽ አምፖል ነጯ ናት አይደል? ካርቶኑ ካለሽ አንብቢው፣ 6500 ኬልቪን ይል ይሆናል፣ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነው፣ ደመቅ ያለ ስለሚመስል። ችግሩ ያ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ወርቃማና ቀይ ነገር ይገድላል። ቅጠሉ የጠፋብሽ ለዚህ ነው እንጂ ዎልፔፐሩ ምንም አልሆነም። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለውን ቢጫውን አምፖል ገዝተሽ ዛሬ ማታ ቀይሪና እይው። ከአንድ አምፖል በላይ ወጪ የለውም። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ፈልጊ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀለም በትክክል ይታያል። 80ውም ለቤት አይከፋም፣ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ ለለጠፈ ሰው 90ው ያዋጣዋል።

ቀጥሎ የመብራቱ ቦታ። የምግብ ክፍል መብራት የሚከተለው ጠረጴዛውን ነው፣ የክፍሉን መሃል አይደለም። 40 ሳንቲ ብዙ ነው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጥላው ሰሃኑ ላይ ያርፋል። ኮርኒስሽ ጂፕሰም ከሆነ ሽቦውን በውስጥ መሳብ ቀላል ሥራ ነው፣ ካልሆነም ሽቦውን ረዘም አድርጎ ጠረጴዛው መሃል ላይ በመንጠቆ ማንጠልጠል ይቻላል፣ አያስቀይምም። የመብራቱ ታች ጫፍ ከጠረጴዛው 75 ሳንቲ ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ ዝቅ ካለ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይሸፍናል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ዓይን ይወጋል። ስፋቱ የጠረጴዛው ወርድ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛው ይሁን፣ ላንቺ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ማለት ነው። አምፖሉ ከታች ሆኖ በዓይን የማይታይበት ቆብ ያለው ምረጪ።

አንድ ነገር አደራ። ግድግዳው ጥግ ኮርኒሱ ላይ ስፖት ላይት እንደርድርልሽ የሚል ባለሙያ ቢመጣ እሺ አትበዪ። ብርሃን ግድግዳውን ታክኮ ከላይ ሲወርድ የወረቀቱ መጋጠሚያ በሙሉ ይታያል፣ ትንሽ አየር የያዘች ቦታ ካለች እንደ እባጭ ትወጣለች። ቡፌው ላይ ቆብ ያላት ትንሽ መብራት አስቀምጪና ግድግዳው ከእሷ ብርሃን ይቀበል፣ ይበቃዋል።

ዲመር፣ ማለትም ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ፣ ከፈለግሽ አምፖሉም ዲመር የሚቀበል መሆኑን ካርቶኑ ላይ አረጋግጪ። ተራ ኤልኢዲ ዲመር ላይ ሲገባ ይርገበገባል፣ አንዳንዱም ድምፅ ያሰማል።

መጋረጃ ሰፊዋ፦

በወንድሜ ሐሳብ እስማማለሁ። ሁሌም ደንበኞቼን ጨርቁን ከመቁረጤ በፊት ቁራጩን ይዛችሁ ሂዱና ማታ ግድግዳችሁ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዛችሁ እዩት እላለሁ። ሱቅ ውስጥ ክሬም የነበረው ቤት ገብቶ ሎሚ የሆነበት ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

እህት ዓለም፣ ባለቤትሽን በፍቅር አስረጂውና አበባ ያለበትን ጨርቅ ይተወው። ግድግዳው ቅጠል አለው፣ መጋረጃው አበባ ካለው ዓይን ማረፊያ ያጣል። ጨርቁ ልሙጥ ይሁን። ቀለሙን ከወረቀቱ ውስጥ አውጪው፣ ከሌላ ቦታ አታምጪ። እኔ ብሆን ክሬሙን ነው የምመርጠው፣ ከሁለቱ ግድግዳዎች ጋር ይያያዝልሻል፣ ክፍሉንም ያሰፋዋል።

አሁን ልክ። ብረቱን መስኮቱ ጫፍ ላይ አትስቀዪው። በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ይለፍ፣ 2 ሜትር ብረት ማለት ነው። መጋረጃው ሲከፈት መስኮቱን አይሸፍንም፣ መስኮቱም ሰፋ ብሎ ይታያል። ከወለል 2.55 ላይ ስቀዪው። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙ ጊዜ 2.80 ወርድ አለው፣ ወርዱን ቁመት አድርገን ነው የምንሰፋው፣ ስለዚህ መሃል ላይ ስፌት አይኖርም። መጋረጃው ወለል ሊነካ አንድ ሳንቲ ሲቀረው 2.54 ይሆናል፣ ላይኛው እጥፋት 8፣ ታችኛው ቅምቅማት 15፣ ድምሩ 2.77። ልክ ይበቃል። ብረቱን 10 ሳንቲ ከፍ ብታደርጊው ግን አይደርስም፣ ጨርቅ ልትቀጥዪ ነው።

ሽንሽኑ እንዲያምር የብረቱን እጥፍ ጨርቅ ግዢ። 2 ሜትር ብረት 4 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል፣ ለጎን ቅምቅማት 20 ሳንቲ ጨምሪ። በጨርቁ ጥራት ትንሽ ዝቅ በዪ እንጂ በብዛቱ አትቆጥቢ። ውድ ጨርቅ ተወጥሮ ሲሰቀል ያሳዝናል።

ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከሆነ ደግሞ ገበር ግድ ነው። የበጋ ፀሐይ ገበር የሌለውን ጨርቅ በሁለት ሦስት ዓመት ታነጣዋለች፣ መጀመሪያ እጥፋቱ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። የጎን ግድግዳው ላይ ያለው ዎልፔፐርም በዚያች ፀሐይ ይለቃል፣ ከወፍራሙ ውስጥ ስስ መጋረጃ ስቀዪና ከሰዓት በኋላ እሱን ዝጊው።

የአራዳ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ስለ ጨርቅ ቀለም ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ከፋይ የምግብ ክፍል ውስጥ አይሆንም።

እኔም እንደ እናትሽ ወይን ጠጅ ከፋይ ነበር የሰቀልኩት፣ ለልጄ ሰርግ ብዬ። አምሮ ነበር። ግን ቁሌት የተቁላላበት ቀን፣ ከሰሉ፣ እጣኑ፣ ሁሉንም ይጠጣዋል። እጣኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በወሩ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ የትናንት ወጥ ይሸተኛል። ማጠብ አስቤ ባነሳው ለብቻዬ አልቻልኩትም፣ ውኃ ሲነካው እንደ በግ ከብዶ ሁለት ቀን አልደረቀም፣ ሲደርቅም ጸጉሩ ተኝቶ ቀረ።

የሚታጠብ ነገር ስቀዪ። ለውስጠኛው ለስሱ ለምን ሸማ አታሠሪም? ሸማኔ ያለበት አገር ተቀምጠን ናይሎን መስቀል ምን አመጣው። ሸማ ብርሃኑን ሲያሳልፈው ወተት ያስመስለዋል። ታች ጠርዙ ላይ ቀጭን ወርቃማ ጥበብ ብታስገቢበት ከቅጠሉ ጋር ይነጋገራል። ብቻ ሳይሰፋ በፊት አጥበሽ አድርቂው፣ ጥጥ ነውና ያጥራል። ከተሰፋ በኋላ ካጠብሽው ከወለሉ ሽቅብ ይሸሽሻል።

ረከቦቱንም ከወረቀቱ አርቂው ልጄ፣ ክሬሙ ግድግዳ በኩል ይሁን። የከሰል ጭስ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ በጨርቅ ተወልውሎ አይለቅም።

ቀለም ወዳጅ፦

ከመጋረጃ ሰፊዋ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ ይቅርታ። ክሬም መጋረጃ ክሬም ግድግዳ ላይ ቢሆን እሺ። የእህታችን መስኮት ግን ያለው አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ነጣ ያለ ጨርቅ ጥቁር አረንጓዴ መሃል ሲቆም ማታ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ይሆናል። ያን ያህል የተደከመበት ወረቀት ጀርባ ሆኖ ይቀራል። እኔ ልሙጥ አረንጓዴ ነው የምለው፣ ከመደቡ አንድ ደረጃ ፈካ ያለ። ግድግዳው ሳይቆረጥ ይቀጥላል፣ የሸማው ነጭ ከመሃል ሲታይ ደግሞ በልኩ ነው።

ክፍሉ ይጨልማል ብላችሁ እንዳትፈሩ። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ፀሐይ ስትገቡ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጨለማ ነው። ትንሽ ቆም ስትሉ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይና ቢጫ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀና ስትሉም የመላእክቱ ፊት ኮርኒሱን ሞልቶ ወደ እናንተ ያያል። ቀለም የበዛበት ግድግዳ ኃይለኛ ብርሃን አይፈልግም። ለጠረጴዛው በቂ ብርሃን ስጡት፣ ግድግዳውን ለዓይን ተዉለት።

መጋረጃ ሰፊዋ፦

እውነትህን ነው፣ መስኮቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም። በዚህ ቤት አረንጓዴው ይሻላል። ገበሩ ግን ክሬም ይሁን፣ ከውጭ ለሚያየውም ያምራል፣ ፀሐይም ይመልሳል።

የማራኪዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አምፖሉን የዚያኑ ዕለት ማታ ቀየርኩ፣ 2700ውን። ባለቤቴን ዓይንህን ጨፍን ብዬ አስገብቼ አበራሁት። ቅጠሉ ተመልሷል! እንዲያውም ቀን ከሚታየው በላይ ወርቅ ወርቅ ይላል። ያቺ ነጯ አምፖል ወጥ ቤት ገባች፣ እዚያ ሽንኩርት ለመክተፍ ትመቻለች።

ከዚያ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ አምጥቼ መስኮቱ ጎን አስያዝኳቸው፣ ክሬም፣ ሰናፍጭና አረንጓዴ። ሦስት ማታ እዚያው ተዉኳቸው። ክሬሙ እንደተባለው ሆነ፣ ከበር ስገባ ዓይኔ ወደሱ ይሮጣል። ሰናፍጩ ቀን ጥሩ ነበር፣ ማታ ግን ወርቃማውን ቅጠል አደበዘዘው። አረንጓዴውን ሁለተኛው ማታ ላይ መኖሩንም ረሳሁት። ስለዚህ እሱ ሆነ።

እናቴ ከፋዩን በቀላሉ አልተወችም። የአራዳ እናት የጻፉትን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና ‹‹ሸማውን እኔ አሠራለሁ›› አለች። የምታውቀው ሸማኔ ጋ ሄዳ አራት ቅድ አዘዘች፣ እያንዳንዱ 90 ሳንቲ ወርድና 3 ሜትር ቁመት፣ ለማጠሩ አስባ። ጥበቡ ሁለት ጣት የማይሞላ ወርቃማ ነው። የመጀመሪያውን ቅድ ትናንት አምጥታ መስኮቱ ላይ ይዛው ቆመች። አሥር ሰዓት አካባቢ ነበር። ፀሐይዋ በሸማው አልፋ እጇ ላይ ስታርፍ የድርና ማጉ ጥላ ቆዳዋ ላይ ይታይ ነበር። ስለ ከፋይ ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ብረቱ የሚሰቀለው አዲሱ ወረቀት ላይ ነው። ሲበሳ እንዳይቀደድ እፈራለሁ። ምን ይደረግ?

የአዘዞው ኤሌክትሪሻን፦

በቀጥታ በድሪል እንዳይጀምሩት። ድሪሉ ወረቀቱን ጠምዝዞ ሊገነጥለው ይችላል። መጀመሪያ የሚበሳው ቦታ ላይ በአዲስ ምላጭ ትንሽ መስቀል ይቆረጥ፣ አራቱ ጫፎች በእርጥብ ስፖንጅ ረጠብ ተደርገው ወደ ኋላ ይገለጡ፣ ከዚያ ይበሳ። ሲያልቅ ጫፎቹ ተመልሰው ይለጠፋሉ፣ የብረቱ መያዣ ይሸፍናቸዋል። ሲበሳ አንድ ሰው ከሥር ፖስታ ወይም የታጠፈ ወረቀት ይያዝ፣ አቧራው ግድግዳው ላይ እንዳይወርድ።

ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ቦታ አለው። ገበር ያለው መጋረጃና ሸማው በአንድ ላይ ይከብዳሉ፣ አጭር ፊሸር፣ ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ፣ አይችላቸውም። ረዘም ያለ ይሁን፣ መያዣውም ከሁለት ወደ ሦስት ይጨመር፣ አንዱ መሃል ላይ።

የማራኪዋ፦

ቅዳሜ ይሰቀላል። ፖስታውን እኔው እይዛለሁ።